ሩት ማድረግ የተቆለፈ ስልክን ለቴሌ ሲም አይከፍትም

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። እህቴ ከአሜሪካ ስትጠቀምበት የነበረ ሳምሰንግ ጋላክሲ ላከችልኝ። ሲበራ የአሜሪካውን የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲን ምልክት ያሳያል። የቴሌ ሲሜን ሳስገባ የኔትወርክ መክፈቻ ቁጥር አስገባ ይለኛል። በዋይፋይ ግን ሁሉም ነገር ይሠራል። ስታዲየም አካባቢ ያለ ጠጋኝ ‹ሩት መደረግ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሲም ይቀበላል› ብሎ 3,000 ብር ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሩት የተደረገ ስልክ ላይ ቴሌ መስመር ይዘጋል› ይለኛል። የትኛው ነው ልክ? የቴሌና የሳፋሪኮም ሲም አንድ ላይ መጠቀም እፈልጋለሁ። ቴሌብር ደግሞ ለሥራዬ የግድ ነው። እህቴ ክፍያውን ጨርሳለች መሰለኝ።»

መልስ፦ ጠጋኙም ጓደኛዎም ተሳስተዋል። ሩት ማድረግ፣ ማለትም የአንድሮይድን ሙሉ ሥልጣን መውሰድ፣ ስልኩን ለቴሌ ሲም አይከፍተውም። ሩት ስለተደረገ ብቻ መስመርዎ አይዘጋም። 3,000 ብሩን አይክፈሉ። መፍትሔው ያለው ስታዲየም ሳይሆን እህትዎ ጋ ነው። የስልኩ ክፍያ ካለቀ እሷ በነፃ ልታስከፍተው ትችላለች።

መጀመሪያ ስልክዎን የያዘው ቁልፍ ምን እንደሆነ እንይ። የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ቀፎን ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በየወሩ በሚቆረጥ ክፍያ ነው። ደንበኛው ዕዳውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ኩባንያ እንዳይሄድባቸው ስልኩ የእነሱን ሲም ብቻ እንዲቀበል አድርገው ያወጡታል። የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሲም ውስጡ የአገሩና የኩባንያው መለያ ቁጥር አለ። የኢትዮጵያ መለያ 636 ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም በ636 01 ይጀምራል፣ የሳፋሪኮም በ636 02። የኤቲ ኤንድ ቲ 310 410 ነው። ስልክዎ ሲም በገባ ቁጥር ይህንን ያነባል። የሚፈልገውን ካላገኘ ኔትወርክ ላይ አይወጣም፤ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ዋይፋይ ሲም ስለማይፈልግ እንደ ልብ ይሠራል። የነገሩኝ ምልክት ከዚህ ጋር ልክክ ይላል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ሲምዎም ጤነኛ ነው።

ሩት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ሩት የሚባል ተጠቃሚ አለ። እሱ ሁሉንም ፋይል ማየት፣ ሁሉንም መቀየር ይችላል። ስልክ ሲገዙ ይህ ሥልጣን አይሰጥዎትም። ሩት ማድረግ ማለት ይህንን ሥልጣን መውሰድ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ለዚህ የሚጠቀመው ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ማጂስክ የሚባል መሣሪያ ነው። ማጂስክ እንዲገባ ደግሞ መጀመሪያ ቡትሎደሩ መከፈት አለበት። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሚያስነሳው ሶፍትዌር ከአምራቹ የመጣና ያልተነካካ መሆኑን ይፈትሻል። እሱም የራሱ ቁልፍ አለው። ስለዚህ «አንሎክ ይደረግልኝ» ብሎ ስልክ መስጠት ብቻውን በቂ አይደለም። ቡትሎደሩ ተከፍቶ የኔትወርኩ ቁልፍ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው ከፍሎ ሲያበቃ የሚናደደው እዚህ ላይ ነው።

ሩት ያን ያህል ሥልጣን ካለው የኔትወርኩን ቁልፍ ለምን አያነሳውም? ሥልጣኑ አንድሮይድ ላይ ያበቃል። ከኔትወርኩ ጋር የሚነጋገረው ሞደም የሚባለው ክፍል ነው። ሞደም የራሱ ፕሮሰሰርና በአምራቹ የተፈረመ የራሱ ሶፍትዌር አለው። ሲሙን ተቀበል ወይም አትቀበል የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው እዚያ ነው። አንድሮይድና ሞደም በአንድ ግቢ ውስጥ በየክፍላቸው ቆልፈው እንደሚኖሩ ሁለት ተከራዮች ናቸው። የአንዱን ቁልፍ ስለያዙ የሌላው በር አይከፈትልዎትም። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ላይ እንዲያውም ውሳኔው ከስልኩም ውጭ ነው። አይፎን ክፍት ይሁን ዝግ የሚወሰነው በአፕል ሰርቨር ላይ ነው።

ጠጋኙ ሆን ብሎ ዋሸዎት አልልም። የተናገረው ነገር መነሻ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው ጋላክሲ ኤስ ላይ የቁልፉ መረጃ ኢኤፍኤስ በሚባለው የስልኩ ክፍል፣ አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። ያንን ፋይል ለመንካት ሩት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያኔ ሩት አድርጎ፣ ፋይሉን አንብቦ፣ መክፈቻ ቁጥሩን ማውጣት ይቻል ነበር። አይፎን 3ጂ ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ለሌላ ኔትወርክ የሚከፍተውን ፕሮግራም ለመጫን መጀመሪያ ጄልብሬክ (የአይፎን ሩት እንደ ማለት ነው) መደረግ ነበረበት። ያኔም ቢሆን ሩቱ ራሱ አልከፈተም፤ ወደሚከፍተው ነገር አደረሰ እንጂ። አምራቾቹ ያንን ቀዳዳ ከደፈኑት ቆይቷል። ዛሬም ቦክስ የሚባሉት አንዳንድ የጠጋኞች መሣሪያዎች ለተወሰኑ ሞዴሎች ሩት ይጠይቃሉ። ከዚህ ተነስቶ «ሩት ከሆነ ማንኛውንም ሲም ይቀበላል» ማለት ግን ትክክል አይደለም።

በእርስዎ ስልክ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በቅንብር ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን ይክፈቱና የሞዴሉን ቁጥር ይመልከቱ። መጨረሻው ላይ የእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ካለ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። የእነዚህ ጋላክሲዎች ቡትሎደር ላለፉት በርካታ ዓመታት በመደበኛው መንገድ አይከፈትም። ቡትሎደሩ ካልተከፈተ ደግሞ ማጂስክ አይገባም። ስለዚህ ጠጋኙን «በምን መንገድ ነው ሩት የምታደርገው?» ብለው ይጠይቁት። የሆነ ቦታ የተገኘ ሶፍትዌር ፍላሽ እንደሚያደርግ (ስልኩ ላይ እንደ አዲስ እንደሚጭን) ከነገረዎት ስልክዎን ይዘው ይውጡ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሁለቱ ቁልፎች፣ የኔትወርኩና የቡትሎደሩ፣ ግንኙነት ካላቸው፣ ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ኔትወርኩ ያልተከፈተ ከሆነ ቡትሎደር የመክፈቻው ማብሪያ ደብዝዞ ይቀራል፤ ሲነኩት አይሰማም። ቅድሚያ የኔትወርኩ ቁልፍ ይከፈታል፣ ከዚያ ነው ስለ ሩት ማሰብ የሚቻለው። ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቲ-ሞባይል ደግሞ ብዙ ስልኮቹን የሚከፍተው ስልኩ ውስጥ በተጫነ የራሱ መክፈቻ ነው። መክፈቻው በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ይነጋገርና ፈቃድ ካገኘ ይከፍታል። ሶፍትዌሩ ሲነካካ ይህ መንገድ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ በነፃ ሊከፈት የነበረ ስልክ ይበልጥ ዝግ ሆኖ ይቀራል። «መጀመሪያ ሩት፣ ከዚያ ሲም» የሚለውን ምክር አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው።

ወደ ጓደኛዎ ልምጣ። ስልክዎ ኔትወርክ ላይ ሲወጣ ቴሌ የሚያየው ሲምዎንና አይ ኤም ኢ አይ የሚባለውን የቀፎውን 15 አሃዝ መለያ ነው። አንድሮይዱ ሩት መሆን አለመሆኑ በዚህ ውስጥ የለም። ጥሪው፣ መልእክቱ፣ ዳታው እንደ ነበረ ይቀጥላል። ይህ ወሬ ከቀፎ ምዝገባ ጋር ተምታቶ የመጣ ይመስለኛል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም የቀፎ ምዝገባ ሲጀምር ያልተመዘገቡ ስልኮች ከኔትወርክ ወጥተው ነበር። ያ ከአይ ኤም ኢ አይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከሩት ጋር ዝምድና የለውም።

ይሁንና አንድ ጥንቃቄ አለ። የቀፎው መለያና የሞደሙ ልኬት የተቀመጡት ቅድም በጠቀስኩት ኢኤፍኤስ ክፍል ወይም እሱን በመሰለ ቦታ ነው። ፍላሽ ሲደረግ ይህ ክፍል ከተበላሸ ስልኩ መለያውን ያጣል። *#06# ሲደውሉ ዜሮ ወይም ባዶ ይወጣል፤ ሲግናል አይኖርም። ሰው ይህን ሲያይ «ቴሌ ዘጋው» ይላል። የዘጋው የተበላሸው ፋይል ነው። ከዚህ በኋላ «ሌላ መለያ እጽፍልሃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን በፍጹም አይቀበሉ። የሌላ ቀፎ መለያ መጻፍ በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። መለያው የተሰረቀ ስልክ ሆኖ ቢገኝም ተጠያቂው ስልኩን የያዙት እርስዎ ይሆናሉ።

ቴሌብርን በተመለከተ ደግሞ ስጋትዎ ትክክል ነው። ሱቅ ላለው ሰው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። የባንክና የክፍያ አፖች ብዙዎቹ ሲከፈቱ ስልኩ የተነካካ መሆኑን ይፈትሻሉ። ለዚህ ጉግል ያዘጋጀው ፕሌይ ኢንተግሪቲ የሚባል መፈተሻ አለ። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ፈተናውን በሙሉ አያልፍም። አፑ ከፈለገ አልከፈትም ይላል። ይህንን የሚሸውዱ ዘዴዎች አሉ፤ ዛሬ ይሠራሉ፣ በሚቀጥለው ወር ጉግል ይደፍናቸዋል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አፑ እንቢ ቢልዎት ምን ያደርጋሉ? ከዚህም የከፋ አለ። ሩት የሆነ ስልክ ላይ ያንን ሥልጣን ያገኘ አፕ እርስዎን ሳይጠይቅ መልእክትዎን ሊያነብ ይችላል። ባንክ የሚልክልዎ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በመልእክት ነው። ስልኩን ሩት ያደረገው የማያውቁት ሰው ከሆነ ምን ጭኖበት እንደመለሰልዎ በምን ያውቃሉ? ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ሩት መደረግ የለበትም። በዚህ አልደራደርም።

ሳምሰንግ ላይ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት ጋላክሲዎች ውስጥ ኖክስ የሚባል የደኅንነት ሥርዓት አለ። በአምራቹ ያልተፈረመ ሶፍትዌር አንዴ ከገባ ስልኩ ውስጥ ያለ ፊውዝ ይቃጠላል። ሶፍትዌሩን ወደ ነበረበት ቢመልሱትም ፊውዙ አይመለስም። ሚስጥራዊ ፋይል የሚቀመጥበት ሴኪዩር ፎልደር ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ቡትሎደር ሲከፈትም ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶው፣ ቁጥሩ፣ የቴሌግራም ፋይሉ። እህትዎ ያላወጣችው ፎቶ ካለ አሁኑኑ ይቅዱላት።

አሁን ምን ያድርጉ? *#06# ይደውሉ። ሲም ባይኖርም ይሠራል። የሚወጣውን 15 አሃዝ ፎቶ አንስተው ለእህትዎ ይላኩላት። ሌላ ሰው እንዳያየው ይጠንቀቁ፤ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጥፉት። እሷ በኤቲ ኤንድ ቲ ድረ ገጽ ላይ ባለው የስልክ መክፈቻ ቅጽ ቁጥሩን ታስገባለች። ኩባንያው የሚያያቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የስልኩ ክፍያ ማለቁን፣ ስልኩ በኔትወርኩ ላይ ቢያንስ 60 ቀን መሥራቱን፣ ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ አለመመዝገቡን። «ጨርሳለች መሰለኝ» ብለዋል። እዚህ ላይ መሰለኝ አይበቃም። ሂሳቧን ከፍታ ቀሪ ዕዳ እንደሌለ ታረጋግጥ። ትንሽ ቀሪ ካለ እሱን መክፈል ለጠጋኝ ከመክፈል በጣም ይሻላል። ከዚያ ማረጋገጫ በኢሜይል ይላክላታል፤ ውስጡ ያለውን ሊንክ ቶሎ መንካት አለባት፤ አለበለዚያ ጥያቄው ይሰረዛል። መልሱ ብዙ ጊዜ በጥቂት የሥራ ቀናት ይመጣል።

መክፈቻ ቁጥር ከተላከልዎ የቴሌ ሲሙን አስገብተው፣ ሲጠይቅዎ ቁጥሩን ቀስ ብለው ይጻፉ። እስከዚያ ድረስ ግን በግምት አንድም ቁጥር አይሞክሩ። የሚፈቀደው ሙከራ ጥቂት ነው። ካለፈ ስልኩ ትክክለኛውን ቁጥርም አልቀበልም ሊል ይችላል። ጠጋኙ እስካሁን ምን ያህል እንደሞከረም ይጠይቁት። ብዙ ሳምሰንጎች ላይ *#7465625# ሲደውሉ የኔትወርኩ ቁልፍ መነሳቱን ወይም አለመነሳቱን ያሳያል። ከመክፈቱ በፊትም በኋላም ይዩት። ከተከፈተ በኋላ ጥሪ እየሠራ ዳታ እንቢ ካለ አትደንግጡ፤ የአሜሪካ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው። የዳታ መስመር ቅንብር የሆነው ኤፒኤን የሚለው ቦታ ገብተው አዲስ ይፍጠሩና ኢቲሲ ዶት ኮም (etc.com) የሚለውን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፉ።

ኩባንያው እንቢ ቢልስ? ምክንያቱን ይጽፋል። ዕዳ ከሆነ ይከፈላል። ቀኑ ካልሞላ ይጠበቃል። ስልኩ ጠፋ ተብሎ ከተመዘገበ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኔትወርኩን መክፈት እዚያ አገር ያለውን እገዳ አያነሳም፤ ሩትም አያነሳም። ያልገባችሁ ነገር ካለ እህትዎ ደውላ ትጠይቅ። ሁለተኛው አማራጭ አይ ኤም ኢ አይ ብቻ ወስዶ ቁጥር የሚያስመጣ ሱቅ ነው። መርካቶም ቦሌም ይገኛል። ስልኩን ሳይነካካ የሚሠራና ቁጥሩ ካልመጣ ገንዘብዎን የሚመልስ ከሆነ ብቻ ይሞክሩት። ተጨማሪ ማስጠንቀቂያም አለኝ። እህትዎ ስልኩን ከመላኳ በፊት የጉግል አካውንቷን ካላወጣች፣ ስልኩ ሪሴት ሲደረግ የእሷን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። ይህም ከኔትወርኩ ቁልፍ የተለየ ነው። ስለዚህ ማንም «ሪሴት ላድርገው» ቢልዎ አካውንቷ መውጣቱን ሳያዩ እሺ አይበሉ።

ሁለት ሲም የሚለውን በሚመለከት ተስፋዎን ትንሽ ልቀንሰው። ኔትወርኩ ሲከፈት ስልኩ የቴሌንም የሳፋሪኮምንም ሲም ይቀበላል። ለአሜሪካ የተሠሩ ጋላክሲዎች ግን አብዛኞቹ የአንድ ሲም ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። የሲሙን ማስገቢያ ትሪ አውጥተው ይዩት። ቦታው አንድ ከሆነ ሁለተኛው መስመር በኢሲም (ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም) ካልሆነ አይገባም፤ ኢሲምም ያላቸው አዳዲሶቹ ሞዴሎች ናቸው። የሌለ ቦታ በሩት አይፈጠርም፤ ስልኩ ውስጥ የሌለ የኔትወርክ ባንድም እንዲሁ።

ይህን ጥያቄ አይፎን ይዘው ለሚያነቡ ደግሞ አጭር መልስ፦ በቅንብር፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ የኔትወርክ ቁልፍ የሚለውን መስመር ይዩ። የሲም ገደብ የለም ካለ ክፍት ነው። ከሲሙ ሥር የምትገባ ቀጭን ቺፕ፣ አር ሲም የሚሏት፣ ስልኩን አትከፍተውም። ታታልለዋለች እንጂ። ሶፍትዌሩ ሲታደስ ልትቆም ትችላለች። አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ ያሉት የአሜሪካ ሞዴሎች የሲም ትሪ የላቸውም፤ ኢሲም ብቻ ናቸው። ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስቡ።

ሩት ማድረግን በጠቅላላው አልቃወምም። የአምራቹ ዝመና ያቆመ አሮጌ ስልክ ካለዎት፣ ገንዘብና የግል መረጃ ካልያዘ፣ መማር ለሚፈልግ ልጅ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። እዚያ ላይ ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ነው። የሱቅዎ ስልክ ግን ለዚህ አይሆንም።

ስልኩ አሁን ጠጋኙ ጋ ከሆነ ዛሬ ያምጡት። ሳይነካካ ከመለሰልዎ ለምርመራ የሚጠይቀውን ትንሽ ክፍያ ይክፈሉትና ይለያዩ። የመክፈቻው መልስ እስኪመጣ የቴሌ ሲምዎን አሮጌው ቀፎ ላይ ያቆዩት። አሮጌው ስማርት ባይሆንም ቴሌብር በ*127# ይሠራልዎታል።